ግጥሜ ሙዚቃው ውስጥ ለምን ሰጠመ?

ጥያቄ፦ «ግጥም እጽፋለሁ። ለአልበም የመረጥኳቸው ዐሥራ ሁለት ግጥሞች አሉኝ። መነሻ የሆነኝ ማንችስተር የሚኖረው አጎቴ ያስደመጠኝ የጆን ኩፐር ክላርክ አልበም ነው፤ ‹ስናፕ፣ ክራክል ኤንድ ቦፕ› ይባላል። ሰውየው አይዘፍንም፣ ያነባል፤ ከኋላው ግን ሙሉ ባንድ አለ። ቢት የሚሠራ ጓደኛዬ ‹እኔ ቢቱን ልጨርስልህ፣ አንተ ላዩ ላይ ታነባለህ› አለኝና ሦስቱን ሞከርን። ድምፄ ሰጠመ። ከፍ ሲያደርገው ደግሞ የሬዲዮ ማስታወቂያ መሰለ። አሁን ‹እንደ ክላርክ ኤኮ እናብዛበት፣ አንተም እንደሱ ፍጠን› ይለኛል። ክላርክ የራፕ አባት ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የማይኩ ነው፣ የሚክሱ ነው፣ ወይስ የአማርኛ ግጥም ከነጭራሹ ለዚህ ሥራ አይሆንም?»

ምላሽ፦

ማይኩን ይተዉት፤ ሚክሱንም፣ ማለትም ድምፆቹን ማመጣጠኑን፣ ለጊዜው ይተዉት። ሦስቱ ቅጂዎች የተበላሹት ገና ስቱዲዮ ሳትገቡ፣ ጓደኛዎ «ቢቱን ልጨርስልህ» ባለበት ሰዓት ነው። ያለቀ ቢት ሰው የማይጠብቅ ቢት ነው። ሠሪው ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያዳምጠው ባዶ የመሰለውን ቦታ ሁሉ ይሞላዋል፤ እዚህ ኪቦርድ፣ እዚያ ጭብጨባ፣ በየአራተኛው መስመር መጨረሻ የድራም መንደርደሪያ። ያ ባዶ የመሰለው ቦታ የእርስዎ ወንበር ነበር። ሲደርሱ ተይዞ ጠበቀዎት።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱንም አይተዋቸዋል። ድምፅዎ ከመሣሪያዎቹ እኩል ሲሆን ይሰጥማል፤ ምክንያቱም ቃልን ከቃል የምንለይበት የንግግር ክፍል፣ በግምት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለው፣ ጊታሩም ኪቦርዱም ስኔር ድራሙም የሚጋፉበት ሠፈር ነው። ድምፅዎ ከሁሉም በላይ ሲወጣ ደግሞ ማስታወቂያ ይሆናል። ይህ የእርስዎ የአነባበብ ጉድለት አይደለም። ማስታወቂያ የሚሠራው በትክክል እንደዚህ ነው፤ ለሌላ ነገር የተሠራ ያለቀ ሙዚቃ ይመጣል፣ ከላዩ ላይ አንድ የታመቀ ድምፅ ይለጠፋል። ጆሯችን ይህን አቀማመጥ ለዓመታት ሰምቶታልና ገና የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ «ምን ሊሸጡልኝ ነው?» ብሎ ይዘጋጃል። ሚክሱን አሥር ጊዜ ቢያስተካክሉት ከዚህ አያልፍም፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

አሁን ወደ አልበሙ። ክላርክ በ1949 (የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በማንችስተር ጥግ፣ ሳልፎርድ የተወለደ ነው። ግጥም በቃሉ መድረክ ላይ ማቅረብ የጀመረው ፓንክ የሚባለው ቁጡና ፈጣን የሮክ ሙዚቃ ከመምጣቱ በፊት፣ ሠራተኞች ቢራ ይዘው ኮሜዲያን በሚሰሙባቸው የማንችስተር ክበቦች ውስጥ ነው። ፓንክ ሲፈነዳ ያው ሰው፣ ያው ጠባብ ሱሪ፣ ያው ጥቁር መነጽር፣ ከባንዶቹ በፊት እየወጣ ማንበብ ቀጠለ። ስለዚህ «የፓንክ ገጣሚ» የሚለው ስም የግጥሙን ቅርጽ አይነግርዎትም፤ ከማን ጋር ይውል እንደነበር ነው የሚነግርዎት። ቅርጹ ቤት የሚመታ፣ ምቱ የተስተካከለ፣ ቀልድና ስድብ የተቀላቀለበት አሮጌ የእንግሊዝ የሕዝብ ግጥም ነው። የራፕ አባት የሚለውንም ይተዉት። ራፐር ከምቱ ጋር ተቆላልፎ ይሄዳል፤ ከምቱ ቢያፈነግጥም አውቆ ነው፣ ተመልሶም ይገባል። ክላርክ በአብዛኛው የራሱን ሰዓት ይዞ ይሄዳል፤ ባንዱ ከሥሩ የራሱን መንገድ ይሄዳል። የራፕን ሥር የሚፈልጉ ከሆነ ኒውዮርክና ጃማይካ እንጂ ሳልፎርድ አያገኙትም።

ክላርክን ከሙዚቃ ጋር ያገናኘው ማርቲን ሃኔት የሚባል ፕሮዲውሰር ነው፤ «ጆይ ዲቪዥን» የተባለውን ባንድ ድምፅ የቀረጸው ሰው። «ዲስጋይዝ ኢን ላቭ» የተባለው አልበም በ1978፣ እርስዎ የሰሙት ደግሞ በ1980 ወጣ። አጃቢው «ዘ ኢንቪዝብል ገርልስ» ይባል ነበር፤ በስሙ ውስጥ ሴቶች ቢኖሩም በእውነቱ ሃኔት ራሱ በቤዝ፣ ስቲቭ ሆፕኪንስ በኪቦርድ፣ ሌሎችም እንደየቀኑ የሚገቡ የማንችስተር ሙዚቀኞች ናቸው። በጊዜው ተሳክቶለታል። አንድ ነጠላ ሥራው እስከ እንግሊዝ 39ኛ ደረጃ ደርሷል፤ ለሚያነብ ሰው ትንሽ አይደለም።

እኔ ግን ይህን አልበም ለተማሪ የማስደምጠው እንዲቀዳ ሳይሆን እንዲለይ ነው፤ ምክንያቱም የሚሠራውም የማይሠራውም አንድ ላይ ተቀምጦበታል። «ቢዝሊ ስትሪት»ን ይውሰዱ። ርዝመቱ ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው፤ ግጥሙ የአንድ ድሃ መንገድ ዝርዝር ነው፣ ቆሻሻው፣ በሽታው፣ ሰዎቹ፤ በመካከሉ የታቸር ሚኒስትር የነበረው የኪት ጆሴፍ ስም ሳይቀር ይጠራል። ግጥሙ እየከፋ ሲሄድ ሙዚቃው አብሮት አይከፋም። ዝግ ብሎ፣ አንድ ነገር እየደጋገመ፣ ግድ ሳይሰጠው ይዞራል። መንገዱም እንደዚያው ነው፤ ሰው ሲሞትበትም አይንቀሳቀስም። ድራሙ በየአሳዛኙ ስንኝ ቢያጓራ፣ ኪቦርዱም አብሮ ቢያለቅስ ኖሮ ግጥሙ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ሙዚቃው ለግጥሙ ያደረገለት ትልቁ ነገር አለመከተሉ ነው።

«ኤቪደንትሊ ቺክንታውን» ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንድ የስድብ ቃል በየስንኙ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ያ ቃል ራሱ ከበሮ ነው። ከበሮ ላለው ግጥም ከበሮ መጨመር ምን ይፈይዳል? መልሱን ራስዎ መስማት ይችላሉ፤ በ2007 ይህ ግጥም ሁለት ቦታ ታይቷል። የአልበሙ ቅጂ «ዘ ሶፕራኖስ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አንድ ክፍል መዝጊያ ላይ ገባ። በዚያው ዓመት «ኮንትሮል» የተባለው ፊልም ውስጥ ክላርክ የሠላሳ ዓመት በፊቱን ራሱን ሆኖ መድረክ ላይ ብቻውን፣ ያለ ባንድ አቀረበው። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል፤ ልዩነቱም የትወና አይደለም፣ ቃሉ የሚመታው አየር ስላገኘ ነው። ሰውየው ራሱም በኋለኞቹ ዓመታት በብዛት የሚቆመው አንድ ማይክና አንድ የወረቀት ክምር ይዞ ነው። በሁለቱ አልበሞች ውስጥ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባንዱና ገጣሚው አንድ ሊፍት ውስጥ እንደተገናኙ እንግዶች ተፋጠው የሚወርዱባቸው ትራኮች አሉ። ያንን የእርስዎ ጓደኛ ደግሞ ባይሠራው ይሻላል።

የሚፈልጉት መንገድ የሚገኘው ያኔ እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ከክላርክ ጎን ከነበረ ሌላ ሰው ዘንድ ይመስለኛል። ሊንተን ክዌሲ ጆንሰን በ1952 ጃማይካ ተወልዶ በ1963 ለንደን የገባ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ «ድሬድ ቢት አን ብለድ» በ1978፣ ማለትም ከክላርክ «ዲስጋይዝ ኢን ላቭ» ጋር በአንድ ዓመት ወጣ፤ በ1979 «ፎርስስ ኦቭ ቪክቶሪ»፣ በ1980 «ባስ ካልቸር» ተከተሉ። ሙዚቃውን አብሮት የሠራው ዴኒስ ቦቬል ነው። ጆንሰንም አይዘፍንም፣ ያነባል። ልዩነቱ ግጥሙ ሲጻፍ ቤዙ ጭንቅላቱ ውስጥ ይመታ የነበረ መሆኑ ነው። «ሳኒስ ሌታ» የሚለውን ያዳምጡ፤ ከብሪክስተን እስር ቤት ለእናቱ የሚጽፍ ልጅ፣ ፖሊስ በጥርጣሬ ብቻ ወንድሙን ሲይዝበትና ነገሩ ወደ ሞት ሲያመራ የሚተርክ ደብዳቤ ነው። ስንኙ በሚያርፍበት ቤዙ ይናገራል፣ ስንኙ ሲናገር ቤዙ ያርፋል። እዚያ ላይ «ግጥም ከሙዚቃ ጋር» አይባልም፤ የሚሰማው አንድ ነገር ነው። ይህ በሚክስ የሚመጣ አይደለም። የመጣው ከወረቀቱ ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ለእርስዎ ባልመክረውም። ክላርክ በ1982 «ዚፕ ስታይል ሜተድ» በተባለ አልበሙ ላይ ያወጣውን «አይ ዋና ቢ ዮርስ» የተባለ የፍቅር ግጥም አርክቲክ መንኪስ የተባለው ባንድ በ2013 ወስዶ፣ ቃሉን ቀንሶና ለውጦ፣ ዜማ ሰጥቶ ዘፈነው። ዓለም ሁሉ ያወቀው ያ ዘፈን ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ እዚያ ግጥሙ ዘፈን ሆኗል፣ የተነበበ ግጥም አይደለም። ዜማ ሲገባ ቃሉ ለዜማው ይገዛል። ይህን ከፈለጉ ድምፃዊ ይፈልጉ፤ የግጥሙን መቀነስም ይቀበሉ።

አሁን «ፍጠን» ወደሚለው ምክር። የጓደኛዎ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነው፤ ስህተቱም ከሙዚቃ ይልቅ የቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ጫና በሚያርፍባቸው ቀለሞች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በሚወጡ የቃል ክፍሎች፣ የሚቆጠር ቋንቋ ነው። በአንድ ስንኝ ውስጥ አራት ቦታ ይረግጣል፤ በመካከል ያሉት ትንንሽ ቀለሞች ሁለትም ይሁኑ አራት ተጨፍልቀው ያልፋሉ። ክላርክ እንደ መትረየስ ሊፈጥን የቻለው የሚጨፈለቅ ስላለው ነው። አማርኛ ግን እያንዳንዱን ቀለም በቁመቱ ያህል ያወጣዋል። የእኛ ግጥም የሚለካውም በቀለም ቁጥር ነው። አማርኛን በክላርክ ፍጥነት ቢያነቡት የሚገኘው ቁጣ ሳይሆን ጥድፊያ ነው፤ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ይመስላሉ።

የሚጠቅመው መቁጠሩ ነው። ግጥሞችዎ በየወል ቤት የተጻፉ ከሆነ፣ ስድስት ስድስት ሆነው ዐሥራ ሁለት ቀለም አላቸው። በደቂቃ 80 ምት በሆነ ሙዚቃ ላይ በአንድ ምት ሦስት ቀለም ቢያነቡ፣ በሰከንድ አራት ቀለም ማለት ነው፤ ይህ ሰው ረጋ ብሎ የሚናገርበት ፍጥነት ነው። አንዱ ስንኝ በአራት ምት፣ በሦስት ሰከንድ ያልቃል፤ የመሀሉ ዕረፍትም ልክ ሦስተኛው ምት ደፍ ላይ ይወድቃል። ሦስት ሦስት የሚል ምት ለእኛ ደግሞ እንግዳ አይደለም፤ ችክችካ የሚሄደው በዚሁ ነው። የጓደኛዎ ኮምፒዩተር ግን ሲከፈት የሚያቀርበው ምትን በአራት የተከፈለ ሰሌዳ ነው። በዚያ ላይ ዐሥራ ሁለቱ ቀለም በሦስት ምት ያልቅና አንድ ምት ለትንፋሽ ይተርፋል፤ ደስ ይላል። ግን የመሀሉ ዕረፍት አንድ ተኩል ምት ላይ፣ ማንም በማይቆምበት ቦታ ይወድቃል። «አንድ ነገር ይጎረብጠኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም» የሚሉ ገጣሚዎች ብዙ ጊዜ የሚጎረብጣቸው ይህ ነው።

ሰንጎ መገን፣ አምስት አምስቱ፣ ከአራት ምት ጋር በትክክል አይገጥምም፤ በየስንኙ ትንሽ ይንሸራተታል። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ መንሸራተቱ ንግግር ያስመስለዋል። ቡሄ በሉ፣ አራት አራቱ፣ በጣም ስለሚገጥም ልጆች በር ላይ የሚጨፍሩት ይሆንብዎታል፤ ያንን ካልፈለጉ ከበሮ አያስጠጉበት። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው ስምንት ስምንት ቀለም ያለው ቤት ደግሞ በአራት የተከፈለውን ምት ጥርቅም አድርጎ ይሞላዋል፤ ለመተንፈሻ አንዲት ቀዳዳ አይተውም። ለእሱ ምት ያለው ሙዚቃ አልመክርም። የሚንሳፈፍ፣ ምት የሌለው አንድ ድምፅ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። መግጠሙ ራሱ አደጋ አለው። የወል ቤት በችክችካ ላይ ሲሄድ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ አንባቢው ሳያውቀው መዝፈን ይጀምራል፤ ድምፁ በየስንኙ መጨረሻ በአንድ ቦታ ይወርዳል፣ አድማጩም ትርጉሙን ትቶ ጭንቅላቱን መነቅነቅ ይይዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከየሁለት ስንኙ በኋላ አንድ ሙሉ ዙር ሙዚቃ ብቻውን ይሂድ፤ አንዳንዱን ስንኝ ደግሞ ሆን ብለው ግማሽ ምት ዘግይተው ይግቡበት።

ስለ ኤኮ። ሃኔት በዘመኑ አዲስ በነበረ ዲጂታል የድምፅ ማዘግያ መሣሪያ የታወቀ ነው፤ የጆይ ዲቪዥን ድራሞች ባዶ ፋብሪካ ውስጥ የተመቱ የሚመስሉት በእሱ ነው። የሰሙትን አልበም ግን ደግመው ያዳምጡት። ስፋቱ በአብዛኛው ያለው በመሣሪያዎቹ ዙሪያ ነው፤ ገጣሚው አጠገብዎ ቆሟል። ለእንግሊዝኛ ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። ለአማርኛ ግን የትርጉም ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም እኛ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም እንለያለን። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ ነው። «ሰፊ» ሲጠብቅ ስፋት ነው፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ነው። እንደ «ተ»፣ «ከ»፣ «ጠ» ያለ ድምፅ ጠበቀ ማለት ከመፈንዳቱ በፊት አፍ ተዘግቶ ለቅጽበት ዝም ይላል ማለት ነው። መጥበቁን የምንሰማው በዚያች ዝምታ ነው። ኤኮ የሚሠራው ደግሞ ምንድነው? ዝምታን መሙላት! የፊተኛውን ቃል ጭራ አምጥቶ እዚያች ክፍተት ውስጥ ይደፋዋል። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ካለዎት ወርቁ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ሰሙም ቢሆን ውሃ ውሃ ይላል። እንደ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» ያሉት ፈንጂ ድምፆች ደግሞ አጫጭርና ስል ስለሆኑ ሃይ ሃት (የድራሙ ጥንድ ጸናጽል) ሲደጋገምባቸው ወዲያው ይሸፈናሉ። የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበውን ኮምፕረሰሩንም ቢሆን በልክ ያድርጉት፤ ከመጠን ካለፈ እስትንፋሱን ያጎላና ፈንጂዎቹን ያደነዝዛል።

መሣሪያ መምረጥ ላይ ጥቂት ልበል፤ ከእኔም ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የንባብ ሥራ ስቀርጽ «ለሐዘን ግጥም ከበገና የተሻለ ምን አለ?» ብዬ ከሥሩ በገና አስገባሁበት። ሥራው ሲያልቅ ከግጥሙ ግማሹ አይሰማም። የበገና አውታሮች ድልድዩ ላይ በቆዳ ቁርጥራጭ ምክንያት ይጎረናሉ፤ ያ ጉርናታ የተሠራው ዝግ ባለና በረጅሙ በሚሳብ ዜማ ዙሪያ እንዲሞላ ነው እንጂ ለሚናገር ሰው ቦታ እንዲለቅ አይደለም። እንደገና ቀዳሁት፤ በገናውን በስንኝና በስንኝ መካከል ብቻ አስቀረሁት፤ ዳነ። ማሲንቆ ደግሞ የሰው ድምፅ ይመስላል። ይህ ውበቱ ነው፤ ለተናጋሪ ግን ተከራካሪ ይሆንበታል፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ እንደመስማት ነው። እሱም በየመሀሉ ይመልስ እንጂ አብሮ አይናገር። ክራር ይሻላል፤ ተነካ፣ ጠፋ። ቦታ ይለቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቤዝ ነው፤ ወደ ታች ስለሚቀመጥ ከንግግር ጋር አይጋፋም። ጆንሰን በቤዝ ላይ የቆመው ሬጌ ስለሚወድ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ስንት መሣሪያ ይብቃ ለሚለው የአሜሪካዊው ገጣሚ የጊል ስኮት ሄረን ሥራ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። «ዘ ሪቮሉሽን ዊል ኖት ቢ ቴሌቫይዝድ» የተባለውን ግጥሙን በ1970 በእጅ ከበሮ ብቻ ቀዳው፤ በ1971 ደግሞ ቤዝ፣ ድራምና ዋሽንት ጨምሮ ደገመው። ዓለም የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው፤ እኔም ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግን ምን እንደተጨመረ ይቁጠሩ። አንድ የማይለዋወጥ የቤዝ መስመር፣ ድራም፣ አልፎ አልፎ የምትገባ ዋሽንት። ሙሉ ባንድ ማለት ሁሉም ሁልጊዜ ይጫወታል ማለት አልነበረም።

የአማርኛ ግጥም ለዚህ ሥራ አይሆንም ወይ ላሉት፣ ጥያቄውን ከየት እንዳመጡት አይገባኝም። ፉከራ የሚነገር ግጥም ነው፤ ቀረርቶ ከዜማው ጋር የተጣበቀ ግጥም ነው፤ አዝማሪ መሣሪያውን ይዞ ቃል ሲወረውር ኖሯል። በአዲስ አበባም «ግጥም በጃዝ» በሚል ስም ገጣሚና ባንድ አንድ መድረክ ላይ መቆም ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የማዝነው በአንዳንዱ ምሽት ባንዱ ለሁሉም ግጥም አንድ ዓይነት ዘገምተኛ ነገር ሲያነጥፍ ነው፤ የፍቅሩም የረሃቡም የቀልዱም ከሥር አንድ ምንጣፍ። መድረክ ላይ ገጣሚው ፊቱና እጁ ስላሉ ያልፍለታል። ቅጂ ላይ ግን ፊት የለም።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው፤ ሳያመቻምቹ ያድርጉት። ሦስቱን ቢቶች ይጣሏቸው፤ ጓደኛዎ ቅር ይለው ይሆናል፣ ለሌላ ሥራ ያስቀምጣቸው። ዐሥራ ሁለቱንም ግጥሞች ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ)፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ማይኩ ከአፍዎ አንድ ስንዝር ርቆ ይቅዱ። በወረቀት ሳይሆን በቃልዎ ያንብቡ፤ የወረቀት ድምፅ ይሰማል፣ የወረቀት አነባበብ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ከዚያ አንድ ሳምንት ይተዉት። ሲመለሱ አስቀድመው የሚለዩት ሙዚቃ የማይፈልጉትን ነው፤ ከዐሥራ ሁለቱ አምስት ስድስቱ ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። የሚያሥቅ ግጥም፣ የራሱ ከበሮ ያለው ግጥም፣ ሰምና ወርቁ የጠነከረ ግጥም ባዶውን ይሂድ። በአልበሙ ውስጥ በሙዚቃ መካከል ድንገት ባዶ ድምፅ ሲመጣ አድማጩ ከመቀመጫው ቀና ይላል፤ ይህን ዕድል አያባክኑት።

ለቀሩት ደግሞ የድምፅዎን ቅጂ ለጓደኛዎ ይስጡትና ሙዚቃውን በእሱ ዙሪያ ይሥራ። ፍጥነቱን ከእርስዎ ድምፅ ይለካ። መጀመሪያ አንድ ቤዝ ወይም አንድ ክራር ብቻ ያስገባ። ሁለተኛ መሣሪያ የሚገባው «ያለሱ ይህ ስንኝ አይቆምም» ብሎ ቦታውን ማሳየት ሲችል ነው። ምት ያለው ሙዚቃ የሚፈልግ ግጥም ካለ ድምፁን በዚያ ምት እንደገና ይቅዱት፤ የቀድሞውን ነፃ ንባብ በኮምፒዩተር እየቆራረጡ ምቱ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ግን እስትንፋሱ ተቆርጦ የተሰፋ ይመስላል። ከተቻለ ክራሪስቱና እርስዎ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ቢቀዱ ከሁሉ ይበልጣል። የአንዳችሁ ድምፅ ወደ ሌላው ማይክ መግባቱ አይቀርም፤ በኋላ አንዱን ለይቶ ማረም አይቻልም። ዋጋው ያ ነው። እኔ እከፍለዋለሁ።

ገደቡንም ልንገርዎ። በወረቀት ላይ በዓይን የሚሠራ ግጥም፣ ስንኝ ሰብሮ ወደ ታች የሚወርድ፣ አንዱን ቃል ለብቻው የሚያስቀምጥ፣ በምንም ሙዚቃ አይድንም፤ ለመጽሐፍዎ ያስቀሩት። ደካማ ግጥምም በጥሩ ቤዝ ለሁለት ደቂቃ ጠንካራ ይመስላል፤ ባዶውን አስቀድመው እንዲቀዱ የምወተውትዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጓደኝነታችሁን የሚነካ አንድ ነገር አለ፤ አሁኑኑ ይጨርሱት። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ግጥሙ የእርስዎ ነው፣ ሙዚቃው የደረሰው ሰው ንብረት ነው፣ ቅጂው ደግሞ የራሱ የሆነ ሌላ መብት አለው። ሦስቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለተቀመጡ አንድ አይሆኑም። ነገ አንድ ፊልም ሠሪ ግጥሙን ብቻ ቢፈልግ ማን ይፈቅዳል? ሙዚቃው ብቻ ለማስታወቂያ ቢፈለግስ? በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ በቃል የተባለው ገንዘብ ሲመጣ ይረሳል።

ሚክሱ አለቀ ሲባል በስቱዲዮው ትልቅ ስፒከር አይፍረዱ። ስልክ ላይ ይጫኑትና ታክሲ ውስጥ፣ ግጥሙን አንብቦ ለማያውቅ ሰው ያስደምጡት። ሲያበቃ ከመካከሉ ሁለት ስንኝ እንዲመልስልዎ ይጠይቁት። መመለስ ካቃተው «ድምፁን ከፍ አድርገው» አይበሉ፤ ወደ ጓደኛዎ ይመለሱና አንድ መሣሪያ እንዲያወጣ ይንገሩት።